የራስ ቅል በጥርስ ቤት

ፍሪዘሩን ክፍት የተወው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ አይደለሁም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ ቁልፉ ያለው እኔ ዘንድ ነውና፣ ሰው ደግሞ ቁልፍ ያዥ ካገኘ ሌላ ጥፋተኛ ፍለጋ አይደክምም።

ሥራዬ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ መሣሪያ ማቀበል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የጭንቅላት ሐኪሞች አጠገብ ቆሜ የጠየቁትን አቀብያለሁ፣ ያልጠየቁትንም ሳይጠይቁኝ አዘጋጅቻለሁ። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ጭንቅላት መክፈት የሚያስፈራው ግን ከሩቅ ሲወራ ነው። ቀርበው ካዩት የአናጢ ሥራ ነው። ቆዳው ከጆሮ ፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ እየዞረ ይቀደድና እንደ መጽሐፍ ልባስ ይገለበጣል። ከዚያ አጥንቱ በመሰርሰሪያ አራት አምስት ቦታ ይበሳል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው፣ ከአጥንቱ ሥር፣ ቀጭን የሽቦ መጋዝ ይሾልክና ሐኪሙ በሁለት እጁ ወዲህና ወዲያ ይስበዋል። ቀዳዳዎቹ ሲገናኙ መዳፍ የምታክል አጥንት ተነሥታ ትወጣለች። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አለን፤ ሲሠራ ጥሩ ነው። ሳይሠራ ሲቀር የእጁን አወጣለሁ። የእጁ ተበላሽቶ አያውቅም። ከአናጢ የምንለየው አናጢ የቆረጠውን መልሶ ቦታው ላይ ስለማይገጥም ነው። እኛ እንገጥማለን።

ሁልጊዜ ግን ወዲያው አንገጥምም። አንጎል እንደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል ሲመታ ያብጣል፤ ችግሩ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ አጥንቱን አውጥተን፣ ቆዳውን ብቻ ሰፍተን፣ እብጠቱ እስኪቀንስ እንጠብቃለን። አጥንቱ በሦስት ድርብ ከረጢት ይታሸግና የባለቤቱ ስም፣ እንዲሁም "ቀኝ" ወይም "ግራ" የሚል ተጽፎበት ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። ወራት ካለፉ በኋላ ባለቤቱ ይመጣል፣ አጥንቱ ይመለስለታል። "ከራስ በላይ ነፋስ" የሚባለው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጋ ግን በራሳቸውና በነፋሱ መካከል ቆዳ ብቻ የቀራቸው ሰዎች አሉ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜና እሁድ የፍሪዘሩ በር ገርበብ ብሎ ከረመ። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ዘጠኝ አጥንቶች ውሃ ሆነው ጠበቁኝ። አጥንቱ ሳይሆን በረዶው ነው ውሃ የሆነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ተጣሉ። ለዘጠኝ ቤተሰብ ስልክ ደውሎ የመንገር ሥራ ለቁልፍ ያዥዋ ተሰጠ።

ስምንተኛውን ስደውል ከጀርባ አንድ የሚሽከረከር ማሽን ይጮሃል። ያነሣው ሰው ማሽኑን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ የሁሉም ነው የተበላሸው ወይስ የሚስቴ ብቻ ሲል ጠየቀ። የሁሉም ነው አልኩት። እፎይ ያለ መሰለኝ። የመጣው መዓት እሱን ብቻ ለይቶ እንዳልመጣ ማወቅ ለሰው ልጅ ትልቅ ማጽናኛ ነው።

ይህ ሰው ጥርስ ሠሪ ነው። ጥርስ የሚነቅለው ሐኪም አይደለም፤ ለተነቀለበት ሰው ድዱንና ጥርሱን አብሮ የሚሠራው ነው። ሰፈሩ "መንጋጋ" እያለ ይጠራዋል፤ እሱም ይሰማል፣ ይመልሳል። አጭር ሰው ነው። የካፖርቱ እጅጌ ሁልጊዜ የድድ ቀለም ያለው ዱቄት አለበት። ሲያናግሩት ዐይን ዐይን አያይም፣ አፍ ነው የሚያየው። በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ስናወራ ዐይኑ የታችኛው ረድፍ ጥርሴ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ወሬዬን ሳልጨርስ አፌን ዘጋሁ።

ሱቁ በፎቶ ቤትና በሰዓት ጠጋኝ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እሱ ጓዳ ሆኖ ይሠራል፤ ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ ሚስቱ ትቀመጣለች፣ ወይም ትቀመጥ ነበር። ሰፈሩ እሷንም "ዳኛዋ" ነው የሚላት፤ ፍርድ ሳትሰጥ ያለፈችው ጉዳይ ስለሌለ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አዲሱ ጥርስ አልገጠመኝም ብለው ባንኮኒውን ደበደቡ አሉ። ዳኛዋ ጥርሱን አስደርጋ፣ አስነክሳ፣ በግራም በቀኝም ካየች በኋላ "ጥርሱ ልክ ነው። ያልተስተካከለው አፍህ ነው" ብላ ፈረደች። ሽማግሌው እየተሳደቡ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ልክ ነበርሽ አሏት። እንዲህ ያለች ሴት ናት። ባሏ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተከሳሽ ሆኖ ቀርቦላታል፤ አንድም ቀን ነጻ አልወጣም።

ሰባት ወር ቀደም ብሎ የቤታቸው መጋረጃ ከዘንጉ ወጣ። አስተካክል ብላ አራት ጊዜ ነገረችው። አራት መሆኑን የነገረኝ ራሱ ነው፤ በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ቁጥር አያበዛም ብዬ አምነዋለሁ። አምስተኛ ከመናገር በርጩማ ላይ ወጣች፤ ወደቀች። እኛ ጋ ስትደርስ አንደኛው የዐይኗ ብሌን ሰፍቶ ነበር፣ ይህ ደግሞ ሐኪም የሚያስሮጥ ምልክት ነው። በግራ በኩል ከፈትናት፣ የረጋውን ደም አወጣን፣ አጥንቱን ፍሪዘር አስገባን። በሦስተኛው ሳምንት በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገባች። ሁላችንም ደስ አለን።

ችግሩ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ለክትትል ሲመጡ ሐኪሙ እንዴት ናት አለው ባልየውን። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ መልሱን በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

"ዶክተር፣ ሚስቴ ጨዋ ሆነችብኝ።"

ሐኪሙ አልገባውም። ሰውየው አስረዳ። ሾርባው ጨው ሲበዛበት "ጥሩ ነው" ትላለች። ዘግይቼ ስገባ "እሺ" ትላለች። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳት፤ አንድ ደንበኛ ሊጨቃጨቅ መጥቶ "ይቅርታ" ብትለው ሰውየው ደንግጦ ወጣ። ቀኑን ሙሉ "እሺ"፣ "ደህና ነኝ"፣ "አመሰግናለሁ" ነው። ጎረቤት ሊያጽናናኝ "ዝም አይነቅዝም" ይለኛል፤ የኔ ቤት ነቅዟል አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ዳኛዋ አጠገቡ ሻሿን አስራ ተቀምጣለች፤ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል በትሕትና ታዳምጣለች። በግራ በኩል ሻሹ ሰርጎድ ብሏል።

ሐኪማችን ወጣት ነው፤ ቃል ቆጥቦ ነው የሚናገረው። በግራ በኩል ንግግር የሚቀመጥበት ቦታ መጎዳቱን፣ የተጎዳው እንደተጎዳ ሊቀር እንደሚችል ነገረው። ነገር ግን አጥንት በሌለበት ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ የውጭው አየር አንጎሉን ይጫነዋል። አጥንቱ ሲመለስ አንዳንዱ ሰው አብሮ ይመለሳል፤ ንግግሩም፣ ማስታወሱም፣ ጠባዩም። አንዳንዱ ደግሞ አይመለስም።

ቁጣውም ይመለሳል ወይ ሲል ጠየቀ ጥርስ ሠሪው።

አንዳንድ ጊዜ፣ ቃል ግን አልገባም አለ ሐኪሙ።

እንግዲህ ያ ሰው የሚጠብቀው አጥንት አልነበረም። ፍሪዘሩ ውስጥ ሚስቱ ናት የተቀመጠችው። እኔ የደወልኩለት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

በማግስቱ መጣ። ሐኪሙ በአጥንቱ ፈንታ የሚገባ፣ ከውጭ የሚመጣ ሳህን እንዳለ፣ ወረፋው ግን ስምንት ወር እንደሚፈጅ፣ ቆዳው በዚህ መካከል ይበልጥ እየሰመጠና እያጠረ እንደሚሄድ ነገረው። ሰውየው ሳህኑ ከምንድን ነው የሚሠራው አለ። ብረት አለ፤ ሌላም ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ነገር አለ አለው። የዱቄቱን ስም ጠየቀ። ሐኪሙ ነገረው።

"ይሄማ የኔ ዕቃ ነው። ድድ የምሠራበት ነው" አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎ "እሠራዋለሁ" አለ።

አፍ ዳገት አይፈራም አልኩ በልቤ። በሐኪሞች ስብሰባም ላይ አንድ አዛውንት ሐኪም "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው" ብለው ተቃወሙ። የኛው ወጣት፣ ታዲያ ከዱቄቱ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረው እሱ አይደል፣ ሠሪው እሱ ነው አላቸው። አዛውንቱ ለመልስ ሲዘጋጁ ስብሰባው አለቀ። እንዲህ ተፈቀደ። ቀለሙን በተመለከተ ሐኪሙ ቀለም የሌለበትን ዱቄት እንዲጠቀም አዘዘ፤ ጥርስ ሠሪውም ያለ ክርክር ተስማማ። በድድ ቀለም ከሆነ ጭንቅላቷ ይስቃል ይሉኛል አለ።

ልኬቱ የተወሰደው በሱቁ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ንጽሕናውን ተቆጣጠሪ ተብዬ ተላክሁ። ጸጉሯን እህቷ ላጭታታለች። የሰመጠው ቦታ አየር የጎደለው ኳስ ሲጫኑት እንደሚሆነው ነው፤ ስታስል ከፍ ይላል፣ ስትተነፍስ ዝቅ ይላል። ባልየው ለጥርስ ልኬት የሚጠቀምበትን፣ ሚንት ሚንት የሚሸተውን ሊጥ በጎማ ሳህን በጠበጠ። በዚህ ሥራ ላይ ፈጣን ነው፤ ካልፈጠነ ይደርቅበታል። ሊጡን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቷ ቆመና፣ ዐይኖቹ ሥራው ላይ እንዳሉ፣ ለደንበኛ እንደሚለው "አፍዎን ይክፈቱ" አላት።

ከፈተች።

ድሮ ብትሆን ይህን ስሕተት አሥር ዓመት ትጫወትበት ነበር። አፏን ከፍታ፣ ዝም ብላ፣ ቀጣዩን ትእዛዝ ትጠብቃለች። እሱ ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ ሊጡ አየሁ፤ እየደረቀብዎት ነው አልኩት።

የመጀመሪያውን ሥራ በሳምንቱ ይዞ መጣ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ አላየሁም፤ እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ለስልሶ ያብረቀረቀ። ሐኪሙ ተቀበለው፣ አገላበጠው። ከዚያ "ይሄ ቆብ ነው" አለው። እውነቱን ነው። ጥርስ ሠሪ የሚያውቀው ድድን ነው፤ ድድ ለስላሳ ነው፣ ሲጫኑት እሺ ይላል፣ ስለዚህ ጠርዙን ሰፋ አድርጎ ከላይ አስደፍቶ ድዱን መጥጦ እንዲይዝ ያደርገዋል። ይህን ሥራ ሚስቱ ራስ ላይ ከላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ሠርቶታል። አጥንት ግን እሺ አይልም። የሚፈለገው ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ከዙሪያው ጋር እኩል የሚሆን ነገር ነው። ሐኪሙ የክፍተቱን ጠርዝ ከአዲሱ የራጅ ፊልም ላይ በልኩ በወረቀት አንሥቶ ሰጠው፣ ልኬቱ በቆዳው ላይ ስለተወሰደም የቆዳውን ውፍረት ቀንስለት አለው። ሥራውንም ቀዳዳ በቀዳዳ አድርገው፤ ፈሳሽ ከሥሩ እንዳይጠራቀም አለው።

ጥርስ ሠሪው ቀዳዳው ላይ ቆመ። በሱ ሙያ ቀዳዳ ያለበት ሥራ ይጣላል። ስንት ቀዳዳ ሲል ጠየቀ፤ አርባ ያህል ሲባል ፊቱ ተለወጠ። እንደ መርዶ ተቀበለው።

ከዚያ የቅርጹ ጉዳይ መጣ። ከመውደቋ በፊት የነበረው ራሷ ምን እንደሚመስል ከእኛ ማንም አያውቅም። የመጀመሪያው ቀን ፊልም ቢኖር ይጠቅም ነበር፤ እሱን ግን ባልየው በዚያ ድንጋጤ ታክሲ ውስጥ ረስቶት ወርዷል። ሐኪሙ ቀላል ነው አለ፤ ቀኙ ደህና ነው፣ ቀኙን አይተህ ግራውን በመስተዋት እንደሚታየው ሥራው። ባልየውን ግራዋ እንደ ቀኟ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ነበር አለ። ፈጥኖ ነው ያለው።

ጥርስ ሠሪ ሥራውን ከማጠንከሩ በፊት በሰም ሠርቶ ያስለካል፤ ደንበኛው ከቤተሰቡ ጋር አይቶ ይሄ የኔ ፊት ነው ወይም አይደለም ይላል። እሱም ሰሙን ሚስቱ ራስ ላይ አስቀምጦ፣ በሻሽ አስሮ፣ እንዴት ነው አላት። "ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ" አለችው። ይህ ምስክርነት እንደማይረባ ያውቃል። ስለዚህ እህቷን አስጠራ። እህቷ ታላቋ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጸጉሯን የምትሠራት እሷ ናት። ሻሹ ላይ እጇን አሳረፈች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ በጣቶቿ ከግንባር ወደ ማጅራት ሄደች።

"ይሄ የሷ ራስ አይደለም" አለች።

ግራው ጠፍጣፋ ነበር። ሕፃን ሆና በግራ ጎኗ ካልሆነ አትተኛም ነበር፤ ራስ በልጅነት ለጋ ነው፣ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። በቀኝ ሰባት ጉንጉን እሠራላታለሁ፣ በግራ ከስድስት አይበልጥም፣ ቦታ የለውም አለች። ዘወር ብላም ባልየውን፣ አንተ ይህን አታውቅም እንዴ አለችው።

ባልየው የሰው ሁሉ አፍ ልኬት በጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የፎቶ አንሺው የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው በምን ያህል እንደሚቀድም ሳያይ ይነግርሃል። ልብ ካላየ ዐይን አያይም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሰሙን ከሚስቱ ራስ ላይ አነሣና ጓዳ ገባ።

ወደ ሐኪሙ ግን አልሄደም። ነበር ብሎ መልሶለታል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በሱ ፈንታ ሁለት ሠራ። ጠርዛቸው አንድ ነው፤ አንዱ ጎበጥ ያለ፣ አንዱ ጠፍጣፋ። እያንዳንዳቸውን ጥርስ በሚያስረክብበት ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ አድርጎ አመጣልኝ። በአንዱ ክዳን ላይ "የሐኪሙ"፣ በሌላው ላይ "የእህቷ" ተብሎ ተጽፏል። ይህ ምንድን ነው አልኩት። ነገረኝ። ለሐኪሙ ይንገሩት አልኩት። እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ ባል ነኝ አለ። ይህ ምን ዓይነት ምክንያት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን አሳዘነኝ። በአንድ ዕቃ ብቻ ተማምኖ ጭንቅላት አይከፈትም፤ መለዋወጫ ነው ብዬ መዝግቤ ሁለቱንም በጋዝ አጸዳሁ። በእንፋሎት ቢሆን ሙቀቱ ያጣምማቸዋል። ለሐኪሙ አልነገርኩም። ከፍሪዘሩ ጉዳይ ወዲህ አዲስ ወሬ ይዤ መቅረብ አልፈልግም ነበር።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በድሮው ጠባሳ ገባን። ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ቆዳው ከአንጎሉ ሽፋን ጋር ተጣብቋልና ሳይበሳ እየለያዩ መሄድ ነው። ሐኪማችን የሚፈልገውን በአገጩ ነው የሚጠቁመው፤ እኔም አገጩን ማንበብ ተምሬያለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። የአጥንቱ ጠርዝ ዙሪያውን ሲታይ "የሐኪሙ" የተባለውን አቀበልኩት። ልክ በልክ ገባ። ጭንብሉ ሥር ፈገግ ማለቱን ከዐይኑ አወቅሁ። ከዚያ ቆዳውን ለመሞከር ወደ ታች ሳበው።

አልደረሰም። ሁለት ጣት ቀረ። ከሰባት ወር በላይ ጎድጓዳ ውስጥ የኖረ ቆዳ አጥሯል። ከኋላ እያላቀቀ ዘረጋው፤ አንድ ጣት ቀረ። በግድ ቢሰፋ ደም ያጣል፣ ይሞታል፤ ቆዳው ሲሞት ሳህኑ ይጋለጣል፣ ያመረቅዛል፣ ተመልሶ ይወጣል። ዳኛዋም ከነ "አመሰግናለሁ"ዋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሐኪሙ ቆመ።

"መለዋወጫ አለ" አልኩ።

"ምን ልዩነት አለው?"

"ጠፍጣፋ ነው።"

"በማን ትእዛዝ?"

"ጸጉሯን በምትሠራት እህቷ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ክፍል ስቆም ብዙ ዓይነት አተያይ አይቻለሁ፤ ይሄኛው አዲስ ነበር። ከዚያ በአገጩ ጠቆመ። "የእህቷ" የተባለውን ሰጠሁት፣ ገጠመው፣ ቆዳውን ሳበ። ከንፈር ከከንፈር እንደሚገናኝ ሳይጎተት ተገናኘ። በትንንሽ ብሎኖች አሰረው፣ ሰፋነው።

ውጭ አግዳሚው ላይ ባልና እህት ተቀምጠው ነበር። ሐኪሙ የገባው የእህትየዋ መሆኑን ነገራቸው። ጥርስ ሠሪው ሁለቱንም የሠራው ራሱ መሆኑን ረስቶ "አሸነፈችኝ" አለ።

እንግዲህ የቀረው መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ተኛች። በሁለተኛው ቀን ዐይኗን ገለጠች፣ የተነሣው ፊልም ንጹሕ ሆነ። በሦስተኛው ባልየው ካልጋዋ ጠርዝ ተቀምጦ እንዴት ነሽ አላት።

"ደህና ነኝ። አመሰግናለሁ።"

ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበ። አጠገቡ ቆምኩ። ሐኪሙ ቃል እንዳልገባ አስታወስኩት። አውቃለሁ አለ። ሳህኑ ልክ ነበር አይደል አለኝ። ልክ ነበር አልኩት። ታዲያ ልክ ያልሆነው ምንድን ነው አለ። ዕረፍት ያድርጉ ብዬው ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የዚያን ዕለት መሣሪያ ስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ጀመርኩ።

በስምንተኛው ቀን እየሮጠ መጣ። ሾርባው ጨው የለውም አለች አለኝ። ተስፋ እንዳልሰጠው ፈራሁና፣ የሆስፒታል ሾርባ ጨው ኖሮት አያውቅም፣ በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ ይህን ይላል አልኩት። አሰበበትና ልክ ነዎት ብሎ በዝግታ ተመለሰ። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የስፌቷን ክር ላወጣላት ገባሁ። ሐኪሙም ሁለት ተማሪዎች አስከትሎ መጣ። ሳህኑን አሳያቸው፤ ማለት የተሰፋውን ራስ አሳያቸው። ግራና ቀኙ እኩል እንዳልሆነ፣ ይህም በስሕተት ሳይሆን በዕውቀት መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ወደ ጥርስ ሠሪው ዘወር ብሎ፣ የራሷን ቅርጽ እንዴት እንዳወቃችሁ ንገሯቸው እስቲ አለ።

እህትየዋ አልነበረችም። ጥርስ ሠሪው ካፖርቱን አስተካከለ። ባል አይደለሁም እንዴ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የሚስቱን ራስ ካላወቀ ምኑን ባል ሆነው። እጅ ያስታውሳል፤ የኔ ሙያ የእጅ ሙያ ነው። ግራዋ ጠፍጣፋ እንደሆነ ድሮም አውቀው ነበር እያለ ቀጠለ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ መቀሱን ይዤ ስድስተኛው ክር ላይ ነበርኩ።

"ውሸቱን ነው።"

ድምፁ ሻካራ ነበር። መጀመሪያ ከሌላ አልጋ የመጣ መስሎኝ ዞርኩ። ዳኛዋ ማንንም ሳታይ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ እያየች ነው። ቃሉን አንድ በአንድ እያነሣች፣ ቦታው ላይ እያስቀመጠች ቀጠለች።

"ራሴ እስኪሰበር፣ አንድ ቀን፣ ዳብሶኝ አያውቅም። ከተሰበረም በኋላ፣ ለልኬት ነው።"

አንደኛው ተማሪ ጫማውን አየ። ጥርስ ሠሪው አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ከኋላ ሁለት መንጋጋ እንደሌለው ያኔ አየሁ። ዐይኑ እንባ ሞላ። "እውነቷን ነው" አለ። ተቀመጠ። "እውነቷን ነው" አለ እንደገና፣ ለተማሪዎቹ፣ ለሐኪሙ፣ ለኔ፤ ያላመነ ሰው ካለ ለማሳመን እንደሚፈልግ ሁሉ። ያ ሰውዬ እንደዚያ ሲያለቅስና ሲስቅ ሳይ እኔም መቀሱን አስቀመጥኩ።

ሐኪሙ ተማሪዎቹን ይዞ ወጣ። የቀሩትን ክሮች አወጣሁ። ዳኛዋ ሌላ አልተናገረችም፣ ደክሟታል። ስጨርስ ጥርስ ሠሪው ወደኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሲስተር፣ አሁን መንካት ይቻላል?"

"እጅዎን ከታጠቡ ይቻላል" አልኩት።

ሊታጠብ ሄደ።